የጎጉ አያት ሁለት ጥያቄዎች

አራስ ልጠይቅ ሄጄ የሰው ልጅ የትምህርት ጉዳይ ይዤ ተመለስኩ። የወንድሜ ልጅ ጎግ ወረዳ፣ ፑኝዶ ውስጥ የጤና ባለሙያ ነው። ሚስቱ ስትወልድ ገንፎ የሚያገነፋ የቅርብ ዘመድ አጠገቧ አልነበረምና ዕድሜዬን ሳልቆጥር ጋምቤላ ወርጄ፣ ከዚያም በአቦቦ በኩል አድርጌ ደረስኩ። ሙቀቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁት ደግሞ ቢነገራችሁም አታምኑኝም።

ከሰዓት በኋላ ከማንጎ ዛፍ ሥር ወንበር አውጥተን ስንቀመጥ አንድ ጎረቤት አዛውንት መጡ። አኙዋክ ናቸው፤ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ብዙም አይናገሩም፤ የልባቸውን ሲያወሩ ልጃቸው ያስተረጉማል። መምህርት እንደነበርኩና ጋዜጣ ላይ እንደምጽፍ ሰምተዋል። የልጅ ልጃቸው ስምንተኛ ክፍል ተፈትናለች። ከክልሉ ውጭ የምትኖር አክስቷ የካቶሊክ ደናግል በሚያስተዳድሩት የሴቶች ትምህርት ቤት ቦታ አፈላልጋላታለች። ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው የሚመላለሱም አዳሪዎችም አሉት። አባቷ ተስማምቷል። ያልተስማሙት አያት ናቸው፤ በዚያ ቤት ደግሞ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው።

ሁለት ነገር ጠየቁኝ። የመጀመሪያው፣ “እነዚህ ሴቶች ራሳቸው ልጅ የላቸውም፤ የሰው ልጅ ሰብስበው የሚያሳድሩት ለምንድን ነው? ነገሩ የመጣውስ ከየት ነው? ሰው ያለ ምክንያት የሰው ልጅ ሲያሳድግ አላየሁም።” ሁለተኛው አጭር ነበር። “ስትመለስ የእኛ ልጅ ትሆናለች?”

እዚያው መልስ ልሰጣቸው አልደፈርኩም። አጣርቼ እጽፋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ልጃቸው ያነብላቸዋል፤ እናንተም ከእኔ ጋር ብታደምጡ ደስ ይለኛል፤ ጥያቄው የጎግ ብቻ አይደለምና።

ነገሩ የመጣው ከሩቅ ነው አባባ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ሜሪ ዋርድ የምትባል እንግሊዛዊት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1585 የተወለደች። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ካቶሊክ መሆን ያሳስር ነበርና ጓደኞቿን ይዛ ባሕር ተሻገረች፤ በ1609 ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ባለችው ሳንቶሜር በተባለች ከተማ የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተች። ከእንግሊዝ ባሕር አቋርጠው ለሚመጡ ልጃገረዶች ማደሪያ አዘጋጀች። የከተማዋ ልጆች ደግሞ ጠዋት እየመጡ ማታ ወደ ቤታቸው እየገቡ ያለ ክፍያ ይማሩ ነበር። አዳሪና ተመላላሽ በአንድ ግቢ የሚሉት ነገር እንግዲህ ያን ጊዜም ነበር። በዚያ ዘመን መነኩሲት ከገዳም ግንብ መውጣት አይፈቀድላትም ነበር። ሜሪ ዋርድ ግን ደናግሉ ከግንቡ ወጥተው፣ በወንድ አለቃ ሳይታዘዙ፣ ሴቶች ልጆችን ማስተማር አለባቸው አለች። ይህ ለገዛ ቤተ ክርስቲያኗ አለቆች አልተዋጠላቸውም። በ1631 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ማኅበሯን በተኑት፤ እሷም ሙኒክ ውስጥ በአንድ ገዳም ታሰረች። ከእስር ቤት ለጓደኞቿ የምትልከውን ደብዳቤ በሎሚ ጭማቂ ትጽፈው ነበር ይባላል፤ ወረቀቱ እሳት አጠገብ ሲሞቅ ጽሑፉ ይወጣል። (የልጅ ልጆቻችሁ በሎሚ ሞክረው ቢያዩት ከስልክ ላይ ጨዋታ ይሻላቸዋል።) ማኅበሩ ሙሉ እውቅና ያገኘው በ1877 ነው፤ እሷ ከሞተች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ።

ከዚያ ዘር የወጣው የአየርላንዱ ቅርንጫፍ ሎሬቶ ይባላል። የሎሬቶ ደናግል ሕንድ ሄዱ፤ በ1921 ኬንያ ገቡ። ሁላችንም የምናውቃቸው ማዘር ተሬዛም በመጀመሪያ የሎሬቶ መነኩሲት ነበሩ፤ የራሳቸውን ማኅበር ከማቋቋማቸው በፊት ካልካታ ውስጥ በሴቶች ትምህርት ቤት ሃያ ዓመት ገደማ አስተምረዋል፤ ርዕሰ መምህርትም ሆነዋል። እኛ አገር የምናውቃቸው በ1973 አዲስ አበባ በከፈቱት የድኩማን ቤት ነው፤ አስተማሪነታቸውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

“ያለ ምክንያት” ላሉት፣ ምክንያትማ አላቸው። ሃይማኖታቸውን ማስተማር ይፈልጋሉ፤ ይህን አይደብቁም፣ እኔም አልደብቅዎትም። ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ የእነዚህ ማኅበራት የቆየ ዘዴ ይህ ነው፤ ደናግሉ ለራሳቸው ሀብት አያከማቹም፣ መክፈል የሚችል የአዳሪ ልጁን ይከፍላል፣ የእሱ ክፍያ ለድሃው ልጅ ትምህርት ይተርፋል። ስለዚህ ልጅቱ ያለ ክፍያ ከገባች እንኳ የሆነ ቦታ አንድ የማያውቁት አባት ከፍሎላታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ልጅን ለትምህርት ከቤት አርቆ መላክ ለእኛ አዲስ አይደለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ከጎጃም ጎንደር ከጎንደር ወሎ ሲዞር ኖሯል። ጎጆ ቀልሶ ያድራል፤ “በእንተ ስማ ለማርያም” ብሎ ይበላል፤ ከውሻ ጋር ይታገላል፤ ሊቅ ሆኖ ይመለሳል። ወንድ ነበርና። ሴት ልጅን እንዲህ የሚልካት ማን ነው? የት ታድራለች? ለሴቷ የጎደላት ትምህርቱ ብቻ አልነበረም፤ ደጃፉ የሚቆለፍ ማደሪያ ነበር።

ለዚህ ነው እቴጌ መነን እ.ኤ.አ. በ1931 አዲስ አበባ ላይ የሴቶች ትምህርት ቤት ሲከፍቱ አዳሪ ያደረጉት። የመጀመሪያዋ ኃላፊ ፈረንሳዊት ነበሩ። ከጠላት ወረራ በኋላ ትምህርት ቤቱን የመሩት ኢትዮጵያዊት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ራሳቸው በልጅነታቸው ከእህታቸው ጋር ስዊዘርላንድ በአዳሪ ትምህርት ቤት ያደጉ ናቸው። እህታቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው፤ በፒያኗቸው ዓለም ያወቃቸው። ወይዘሮ ስንዱ ለፓርላማ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆነዋል። በካቶሊክ በኩል ደግሞ የአዲስ አበባ እናቶች ናዝሬት ትምህርት ቤትን ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ፤ እስከ ዛሬ የሴቶች ብቻ ነው። በጋምቤላ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራሷን የቻለ አስተዳደር ያገኘችው ግን በቅርቡ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000። የመጀመሪያው ጳጳስ ጣልያናዊው የሳሌዥያን ማኅበር አባል አንጀሎ ሞሬስኪ ነበሩ፤ ሕዝቡ አባ መላኩ የሚላቸው። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በአገራቸው በኮሮና ሞቱ።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ግን ወደ ጎግ ለመመለስ ነው። ማደሪያ ማለት ምን እንደሆነ ከጎግ በላይ ያየ ቦታ ስለሌለ።

አባባ ያስታውሳሉ። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች በእግራቸው ፑኝዶ ገቡ። ወንዶቹን በቡድን በቡድን አድርገው አሰፈሯቸው፤ አንድ ላይ ይተኛሉ፣ አንድ ላይ ያበስላሉ፣ ከዛፍ ሥር ትምህርት ይማራሉ። ሴቶቹንስ? ሴት ልጅ ብቻዋን አታድርም ተብሎ በየቤተሰቡ ተከፋፈሉ። በባህሉም በጊዜውም አስተሳሰብ ትክክል ነበር፤ ክፉ አሳቢ አላደረገውም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ሁሉም ተባረሩ። ጊሎ ወንዝ ሞልቶ ነበር፤ ከኋላ ጥይት፣ ከፊት ውኃና አዞ፣ ስንቱ እዚያ ቀረ። የተረፉት ሱዳንን አቋርጠው ኬንያ፣ ካኩማ ደረሱ፤ እዚያም ወንዱ በቡድኑ፣ ሴቷ በሰው ቤት ሆነች።

ከዓመታት በኋላ አሜሪካ ወላጅ አልባ ናቸው ያለቻቸውን ልጆች ለመውሰድ መዝገብ ስትከፍት በቡድን ያደሩት ወንዶች ስማቸው በዝርዝር ተገኘ። ዓለም “የጠፉት ወንዶች ልጆች” የሚል ስም አወጣላቸው፤ መጻሕፍት ጻፈላቸው፣ ፊልም ሠራላቸው። ከ3 ሺህ 500 በላይ ሆነው ሄዱ። ከሴቶቹ የሄዱት 89 ብቻ ናቸው። ሌሎቹ በመዝገብ ላይ “ቤተሰብ ያላቸው” ነበሩ። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ውኃ ቀድተው፣ እንጨት ሰብረው፣ የሰው ልጅ አዝለው አደጉ፤ ብዙዎቹም ከብት ተቆጥሮባቸው ተዳሩ። ወንዶቹ ጠፍተው ተገኙ። ሴቶቹ ሰው ቤት ገብተው ጠፉ።

ይህን የምነግርዎት የሰውን ባህል ለማማት አይደለም። ኑዌሩም ዲንቃውም በከብት ይድራል፣ አኙዋኩ በዶቃ ድሮ ነበር፣ እኛም በጥሎሽ ነው። ነገር ግን የስምንተኛ ክፍል ልጅ ሰው ቤት ተጠግታ ትማር ሲባል፣ ዘመድም ቢሆን፣ እነዚያ ልጆች ትዝ ይሉኛል።

ከእናንተ ድንበር ማዶ፣ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ሩምቤክ የምትባል ከተማ አለች። የዲንቃ አገር ናት። እነዚያው የሎሬቶ ደናግል እ.ኤ.አ. በ2008 እዚያ የሴቶች አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ደቡብ ሱዳን ገና ነፃ አገር ሳትሆን። ለሠፈሩ ልጆችም ተመላላሽ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ጨመሩ፣ ክሊኒክም ሠሩ። የምትመራቸው አየርላንዳዊቷ ሲስተር ኦርላ ትሬሲ ናት። ይህ ትምህርት ቤት ልጅቷን ከመቀበሉ በፊት አሳዳጊዋን የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ ትምህርቷን ሳትጨርስ እንዳይድራት በፊርማው ቃል እንዲገባ። ይፈርማል፤ ወይም አውራ ጣቱን ያትማል። ቃል ኪዳኑ እያለም ዘመዶች ልጅቱን ለጋብቻ ሊወስዱ ደጃፍ ድረስ የመጡበት ጊዜ ነበር። ሲስተሯ አልሰጥም ብላለች። በ2019 አሜሪካኖች ለጀግና ሴቶች የሚሰጡትን ዓለም አቀፍ ሽልማት የሰጧት ለዚህ ሥራዋ ነው። በ2023 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ጁባ ሲመጡ ከሩምቤክ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ተጉዘው ከተቀበሏቸው ወጣቶች መካከል የዚያ ትምህርት ቤት ልጃገረዶች ነበሩበት።

እኔን የገረመኝ የሲስተሯ ድፍረት ብቻ አይደለም። የሚፈርሙት አባቶችና አጎቶች ናቸው። ከብት የሚያመጣ ልጅ ይዘው፣ በችግር ላይ ሆነው፣ አራት ዓመት እንጠብቃለን ብለው የሚፈርሙ። ስማቸው የትም አይጻፍም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ይከብዳል። ስትመለስ የእኛ ልጅ ትሆናለች ወይ? ለዚህ የኬንያዊቷን የዋንጋሪ ማታይን ነገር ልንገርዎት፤ ራሷ በሕይወት ታሪኳ ላይ ጽፋዋለች።

ዋንጋሪ በ1940 ገጠር ውስጥ ተወለደች። ወንድሞቿ ይማራሉ፤ እሷ እናቷን ታግዛለች። አንድ ቀን ታላቅ ወንድሟ እናቱን “ዋንጋሪ ለምን እንደኛ ትምህርት ቤት አትሄድም?” ሲል ጠየቀ። እናትየው እስቲ ብላ ዝም ማለት ትችል ነበር፤ ገንዘብ አልነበራትም፣ የቤቱም ሥራ ብዙ ነው። ምክንያት አላጣችም፤ ግን “አዎ፣ ለምን አትሄድም?” አለች። በአሥራ አንድ ዓመቷ የጣልያን ኮንሶላታ ደናግል ወደሚያስተዳድሩት የቅድስት ሴሲሊያ አዳሪ ትምህርት ቤት ላከቻት። ብዙም ሳይቆይ የማው ማው ጦርነት ተነሣ፤ አገሩ በእሳት ሲለበለብ ልጅቱ ከግቢው ውስጥ ትማር ነበር። በ1956 የሎሬቶ ደናግል ሊሙሩ ላይ ወደከፈቱት የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለፈች። የሳይንስ አስተማሪዋ የነበሩ መነኩሲት የቤተ ሙከራ ዕቃ ስታጥብ አብረዋት ያወሩ ነበር፤ የሳይንስ ፍቅሯን ከዚያ እንዳገኘች ትናገራለች። ከዚያ አሜሪካ፣ ከዚያ ዶክትሬት፣ በ2004 ዛፍ በማስተከሏና ለመብት በመቆሟ የኖቤል የሰላም ሽልማት። ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ።

እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ግን ሌላም ነገር ጽፋለች። በዚያ የመጀመሪያው አዳሪ ትምህርት ቤት በእናት ቋንቋዋ ስታወራ የተገኘች ልጅ አንድ ቁልፍ፣ የልብስ ቁልፍ ዓይነት፣ ደረቷ ላይ ታደርጋለች። ሌላ ልጅ እስክትያዝ ድረስ አታወልቀውም፤ ማታ ቁልፉ የተገኘባት ሣር ማጨድ ወይም መጥረግ ይታዘዝባታል። ልጆቹ ላለመያዝ ሲሉ እንግሊዝኛ ብቻ ማውራት ለመዱ። ዋንጋሪ ስታድግ ይህ ቅጣት በገዛ ቋንቋና ወገን ላይ ንቀት እንደሚዘራ በግልጽ ጽፋለች። ስሟም ተለውጦ ሜሪ ጆሴፊን ተብላ ነበር። ዋንጋሪ የሚለውን መልሳ የያዘችው አሜሪካ ከሄደች በኋላ ነው። ተመለሰች፤ የእነሱ ልጅ ሆና ተመለሰች፤ ያም ሆኖ የመለሳት ትምህርት ቤቱ አይደለም።

ስለዚህ አባባ፣ ፍርሃትዎ የማያውቅ ሰው ፍርሃት አይደለም። እኔ ራሴ አዳሪ ነበርኩ። ትምህርት ቤቱን አልጠራውም። እናቴ በበቅሎና በመኪና ሁለት ቀን ተጉዛ ጭኮ ይዛልኝ መጣች። ቀኑ የመጠየቂያ ቀን አልነበረም። ደንቡ በደብዳቤ ተልኮላት ነበር አሉ፤ እናቴ ፊደል አትለይም፤ ደብዳቤውን በሙዳይ ውስጥ እንደ ክታብ አስቀምጣው ኖሯል። ጭኮውን ለዘበኛው ሰጥታ ተመለሰች። ማታ ሲደርሰኝ ከጓደኞቼ ጋር በላሁት፤ ጣፋጭ ነበር፣ እስካሁንም ያንቀኛል። ትምህርቱ ጠቅሞኛል፤ ይህን እየጻፍኩ ያለሁት በእሱ ነው። የዚያን ቀን ነገር ግን ይቅር ያልኩ አይመስለኝም።

ምክሬ ልጅቷን ይላኳት ነው። ግን ባዶ እጅዎን አይላኳት፤ ጥያቄ ይዘው ይላኳት። ሩምቤክ ላይ ትምህርት ቤቱ አሳዳጊውን ያስፈርማል፤ አሳዳጊውስ ትምህርት ቤቱን ለምን ቃል አያስገባም? ልጅዎን ይዘው ይሂዱና ኃላፊዋን ፊት ለፊት ይጠይቋት። በመኝታ ቤት ከአገሯ ልጅ ጋር ብትገናኝ በአኙዋክኛ ማውራት ይፈቀድላታል? ማታ ከልጆቹ ጋር የምታድረው አሳዳሪ ማን ናት፣ ግቢው ውስጥ የሚያድር ወንድ አለ? ብትታመም፣ ብትከፋ፣ ለማን ይደወላል፣ ደዋዩስ የሚገባዎትን ቋንቋ ይናገራል? የእናንተ ቤት የመካነ ኢየሱስ ነው፤ እሑድ ወደ ራሷ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትችላለች? ክፍያው ቢቋረጥ ወዲያው ትባረራለች ወይስ ይጠብቋታል? እነዚህን ስትጠየቅ የምትቆጣ ኃላፊ ካጋጠመዎት ልጅዎን ይዘው ይመለሱ፤ ሌላ እንፈልጋለን። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ሳስተምር ጥሩ ኃላፊ ጥያቄ ሲበዛባት ወንበር ስትስብ እንጂ ስትቆጣ አላየሁም።

ልጅቱንም ራሷን ይጠይቋት። እኔ ከማንጎው ሥር ሳለሁ ሻይ አቀረበችልንና ሄደች፤ ሁላችን ስለ እሷ ስናወራ እሷን የጠየቃት አልነበረም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ መምህርት ነኝ እያልኩ።

ይህን ከመጻፌ በፊት ነገሩን ባጭሩ ለልጃቸው በስልክ ነግሬው ነበር። ልጃቸው ስልኩን ሳይዘጋ አስተረጎመላቸው፤ ረጅም ዝምታ ሆነ፤ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። የመጀመሪያው የመጠየቂያ እሑድ መቼ ነው? እሱን አጣርቼ እደውልላቸዋለሁ።